የመስታወቱ ሽማግሌዎች

በቀልድ የተነገረ ቃል ሰውን ያስራል? ታላቅየዋ በዚህ ጉዳይ ከራሷ ጋር ስትሟገት ከርማለች፤ መልሱን ግን አላገኘችውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩቅ አገር ሕግ ተምራ በተመለሰች በወሩ ታናሽ ወንድሟ በተራው ሻንጣውን አነሳ። በሩ ላይ ቆሞ ሳሎኑ ጥግ ወዳለው የመስታወት ገንዳ በአገጩ እያመለከተ፣ «አንቺ መጣሽ፣ እኔ ልሂድ። ሽማግሌዎቹን አደራ፤ ውሃቸውን ሳታሞቁ እንዳትቀይሩ። እነሱ በሕይወት ካሉ ተመልሼ እመጣለሁ» አለ። ተሳሳቁ። እናት ብቻ አልሳቀችም።

ሽማግሌዎቹ ትናንሽ የአምባዛ ዓሣዎች ናቸው። ከአውራ ጣት አይረዝሙም፤ ጢማቸውን አንዠርግገው ቀኑን ሙሉ የገንዳውን አሸዋ ሲያበጥሩ ይውላሉ። ከማንም አይጣሉም፤ የወደቀ ፍርፋሪ ሲያገኙ ሳይገፋፉ ይቋደሳሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ሽቅብ ይወነጨፍና አየር ጎርሶ ይመለሳል። ከዚያ ዓይኑን ገልበጥ ሲያደርግ፣ ሰው የጠቀሰ ይመስላል።

ወራት አለፉ፤ የወንድምየው ስልክ ዝም አለ። እናት ግን በየጠዋቱ መስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ ትቆጥራቸዋለች።

«ሁሉም አሉ። ይመጣል» ትላለች።

«እማዬ፣ ዓሣ ማስረጃ አይሆንም።»

«አንቺማ ፀሐይ ስትወጣም ምስክር ጥሩልኝ ትያለሽ።»

አንድ ቀን ታላቅየዋ ከሥራ ስትገባ እናቷን እጇ እንደረጠበ፣ ባልዲ እግሯ ሥር አስቀምጣ አገኘቻት።

«የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ሸተተኝ፤ ከበርሜሉ የዝናብ ውሃ ቀዳሁላቸው» አለች እናት።

«አሞቅሽው?»

«ዝናብ ማን ያሞቀዋል?»

ታላቅየዋ ጣቷን ነከረች። ውሃው አጥንት ይሰብራል። አምባዛዎቹ አሸዋው ላይ ተዘርግተው ጢማቸው እንኳ አይነቃነቅም።

«ገደልኩበት?» አለች እናት።

ስለ ዓሣ ብቻ እንዳልጠየቀች ታላቅየዋ ገባት። ያለ ማስረጃ አንዳች የማታምነው ሴት፣ የዚያን ቀን ማንን እንደምትለምን እንኳ ሳታውቅ «አይሙቱ» እያለች ተኛች።

ማልዳ ተነሳች፤ የሞቱትን እናቷ ሳታያቸው ለማውጣት። ማጥለያውን ይዛ ገንዳው ዘንድ ስትደርስ ግን እጇ አየር ላይ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ጎረምሳ ሆነዋል። መስታወቱን ሽቅብ ቁልቁል እየተሯሯጡበት ነው። ከሁሉ የወፈረችው እንስት የሆዷን ክንፎች እንደ ሁለት መዳፍ ገጥማ፣ በመካከላቸው እንደ ጤዛ የጠራ እንቁላል ይዛለች። ቀስ ብላ ወደ መስታወቱ ቀረበች፤ ቦታውን በአፏ ጠረገች፤ ደረቷን አስጠግታ እንቁላሏን ለጠፈችና ሄደች። ደግሞ ሌላ ይዛ መጣች።

እናት መጥታ ከጎኗ ቆመች።

«ክረምት ገባ ብለው ነው» አለች ታላቅየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዓሣዎቹ መስታወት ውስጥ ተፈልፍለው መስታወት ውስጥ ያደጉ ናቸው። ወንዝ አያውቁም፤ ዝናብ ወርዶባቸው አያውቅም። ታዲያ ዝናብን በምን ለዩት? ይህን ማን ነገራቸው? ሩቅ አገር ኖራ የተመለሰችው፣ የትኛው አገሯ እንደሆነ ግን ዛሬም የሚያጠራጥራት ታላቅየዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«እንቁላሉን ለይተን እናስቀምጥ፤ ይበሉታል» አለች ቆይታ።

«ይበላሉ እንዴ?»

«የራሳቸውንም።»

«እንግዲህ ሽማግሌ ሳይበላ መቼ ያስታርቃል?» አለች እናት፤ ልጇ ከሄደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

እንቁላሎቹን በሰፊ ሳህን ለይተው አስቀመጧቸው። ከቀናት በኋላ ታላቅየዋ የስልኳን መብራት አብርታ አንዱን በማጉያ መስታወት አየችው። ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ ዓይኖች ናቸው። ከሥራቸው ከስፌት መርፌ ጫፍ የምታንስ ነገር ትርገበገባለች። ልብ ናት። ማጉያውን ለእናቷ አቀበለቻት።

እናት አይታ አይታ ዓይኗን ጠረገች። «ላኪለት» አለች።

ታላቅየዋ «ዓሣ ማስረጃ አይሆንም» አላለችም። የእንቁላሉን የልብ ትርታ በቪዲዮ ቀረጸችና ጻፈች፦

«ሽማግሌዎቹ ወልደዋል። አንተ የምታውቃቸው ሁሉም አሉ፤ አዲሶቹን ስትመጣ እናስተዋውቅሃለን።»

ላከችው። እናት ወንበሯን ወደ ሳህኑ አስጠግታ መቁጠር ጀመረች፤ ተሳሳተች፤ እንደገና ጀመረች። ስልኩ በመካከላቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ውሎ አድሮ እጮቹ ተፈለፈሉ፣ ጢም አወጡ፣ ወደ ትልቁ ገንዳ ተዛወሩ። ለዚያ መልእክት ግን መልስ አልመጣም።