የጌቾ ነጥብ

«ጥፋቱ የአሮጊቷ ነው አልኩህ እኮ!» ልዑልቃል ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገው። «የሰው ልጅ ስም እንደ ቀሚስ እየቀየረች እኔ ምን ላድርግ? ጠንቋይ ነኝ?»

«ሙሽራ ስም ይወጣላታል፣ የምታወጣላትም አማት ናት» አለ ጌቾ። «የአራዳ ልጅ ሆነህ ይቺን አታውቅም?»

«እኔ አውቃለሁ! ሲስተሙ አያውቅም!»

«ሲስተሙን ማን ሠራው ታዲያ፣ አያትህ?»

የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የሚሠሩት ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ሬሳው ከግቢው ከወጣ ግን ገና ሁለት ቀኑ ነው።

ሮብ ለት ከአምባ ጊዮርጊስ አንዲት ሙሽራ በትኩሳት ራሷን ስታ መጣች። ባልየው ዓለምነው አዝሏታል፣ እናቱ እማማ ሸዋገነት ከኋላ ነጠላዋን እየጎተተች ትሮጣለች። ስሟን ሲጠይቁ አማትየዋ «እንኳየሁ ንብረት» አለች። ኮምፒውተሩ «አልተገኘም» አለ፣ አዲስ ካርድ ወጣላት። የማይስማማት መድኃኒት አለ ወይ ሲሏት ደግሞ «ኧረ ምንም፣ ሸጋ ጤና ናት» ብላ መለሰች። መርፌ ተወጋች። ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ኮሪደሩ ላይ አለቀች።

አባቷ አያ ንብረት ከኋላ በማኪና ሲደርስ ሬሳ ጠበቀው። «ምሥራቅ! ምሥራቅዬ!» እያለ ደረቱን መታ። «በአሥር ዓመቷ በዚሁ መርፌ ልትሞትብኝ ነበር እኮ! ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ ካርዷ ላይ ጽፎላት ነበር!»

በቃ፣ ነገሩ እዚያው ተዘጋ። ምሥራቅ እንኳየሁ በመባሏ ካርዷ ሳይገኝ ቀረ፣ ስሙን ያወጣችው ደግሞ አማትየዋ ናት። ዓለምነው ሰው በተሰበሰበበት እናቱን «ገደልሽብኝ» አላትና ሬሳውን ጭኖ እሷን ጥሏት ሄደ። አሁን ልዑልቃል ይሄንኑ በሪፖርት ሊያትመው ነው የሚንጨረጨረው። ሰኞ ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። የበሽተኛን ካርድ በኮምፒውተር የሚይዘው ሲስተም እዚህ ሆስፒታል የገባው ለሙከራ ነበርና ከወደዱት በአገር ሙሉ ሊገባ ነው።

ልዑልቃል ሊያትም ሲወጣ ጌቾ ወንበሩ ላይ ጉብ አለና «ምሥራቅ ንብረት» ብሎ ጻፈ።

ተገኘች። ዕድሜ፣ ቀበሌ፣ ሁሉም አለ። «የማይስማማ መድኃኒት» የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ግን አንዲት ነጥብ ብቻ ቁጭ ብላለች። ከታች «ያስገባው፦ ጌታቸው» ይላል።

ጌታቸው ማለት ጌቾ ነው።

ጌቾ ከስምንተኛ ክፍል የወጣ ልጅ ነው፤ ወጣ ሲባል በሩ በኩል አይደለም። ጣቱ ግን ፈጣን ነው። ዓምና የወረቀት ካርዱን ወደ ኮምፒውተር እንዲያስገቡ በኮንትራት ከተቀጠሩት አንዱ እሱ ነበር። ያቺ ሳጥን ባዶዋን ከቀረች ሲስተሙ አላልፍም ይላል። ለመሙላት ደግሞ የዶክተሮቹን የጉንዳን መንገድ የመሰለ ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነው። ልዑልቃል ከኋላ ቆሞ «በቀን ሦስት መቶ! ሦስት መቶ!» ይላል። ታዲያ ጌቾ አንድ ቀን በንዴት ነጥብ ቢመታበት፣ አለፈለት! ወዲያው ለክፍሉ ሁሉ አስተማረ። ሥራው እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ልዑልቃልም ደስ ብሎት ጥሬ ሥጋ ጋበዛቸው። «ምን አድርጋችሁ ነው?» እንኳ አላለም።

እና ስሟ እንኳየሁ ተብሎ ባይቀየርስ? በምሥራቅነቷ ብትመጣስ? ነጥቧ ነበረች የምትጠብቃት።

ጌቾ ከሆስፒታሉ ጀርባ ወዳለው ኮንቴይነር ሄደ። የድሮ ካርዶች በማዳበሪያ ታጭቀው ሰኞ በማለዳ ለመቃጠል ተራ ይጠብቃሉ፤ እንግዶቹ ወረቀት እንዳያዩ ነው። የአይጥ ኩስ እየማገ ሲፈልግ ዋለ። መሸት ሲል የምሥራቅን ካርድ አገኛት። ቀዩ ጽሑፍ የውስጥ ገጽ ላይ እንኳ አልነበረም፤ ሽፋኑ ላይ፣ ጣት በሚያህል ፊደል፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ይሄንን ሳያይ ለማለፍ ጥረት ይጠይቃል።

ለልዑልቃል አሳየው። ልዑልቃል ካርዱን አየ፣ ኮምፒውተሩን አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ በሩን ዘጋ።

«ስማኝ ጌቾ። ይሄ ነገር በአገር ሙሉ ሲገባ ስንት ሰው እንደሚያድን ታውቃለህ? ከጎንደር ሳንጃ ቢሄድ፣ ሐረር ቢሄድ፣ በሽተኛው ካርዱ አብሮት ይሄዳል።»

«ነጥቧም አብራው ትሄዳለች።»

«ቀስ ብለን እናስተካክላለን። አሁን ከተወራ ግን ሲስተሙ ይዘጋል፣ አንተም ዘብጥያ ትወርዳለህ። አንዲት አሮጊት ብትታማ ምን ትሆናለች?»

ጌቾ ካርዷን ጃኬቱ ውስጥ ከተተና ወጣ። አንድ ክብሪት ይበቃታል። ክብሪትም ባይኖር፣ ማዳበሪያው ውስጥ መልሶ ሰኞን መጠበቅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የአምባ ጊዮርጊስ ሚኒባስ ውስጥ ራሱን አገኘው። ኮሶዬን ሲያልፉ ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ አጥንቱን ቧጠጠው። ሦስት ጊዜ «ወራጅ አለ» ሊል አፉን ከፍቶ ዘጋ።

የሠልስቷ ዕለት ነበር። ዳሱ ሞልቷል። እማማ ሸዋገነት ግን ከዳሱ ውጭ፣ ከገብስ ጭዱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልቅሶ ደራሹ ሲያልፍ ዞር ብሎ እንኳ አያያትም። በገዛ ግቢዋ።

«እማማ ሸዋገነት?»

«ምነው? አንተ ደሞ የማን ነህ?»

«ከሆስፒታሉ ነኝ።»

«ምነው፣ ሌላ ሰው ገደልኩ?»

ጌቾ ቁጢጥ አለ። በመንገድ ላይ ያሰማመረው ወሬ ሁሉ ጠፋው። «እማማ፣ የገደላት አንቱ ያወጡት ስም አይደለም። በድሮ ስሟም ብትመጣ ኖሮ ኮምፒውተሩ ምንም አይናገርም ነበር። እንዳትወጋ የሚለውን እኔ አላስገባሁትም። ማንበብ ሰለቸኝና ነጥብ መታሁ፣ አለፍኩ።» ካርዷን አወጣ። «ይኸው፣ ይቺ ናት።»

አሮጊቷ ፊደል አታውቅም፣ ቀይ ግን ታውቃለች። ጽሑፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ እንደ ቁስል ቀስ ብላ። ጌቾ ከእግሯ ሥር የተጋደመውን በትሯን በጎን እያየ ጠበቀ። ብትመታው በወደደ።

አልመታችውም። እሱም ተነሣ። «ለልጅዎ ልንገረው። እዚያው ዳሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

ጃኬቱን ጨምድዳ ያዘችው። «ቆይ። ነጥብ የመታህባት እሷን ብቻ ነው?»

«አይ…» ጌቾ መሬት መሬቱን አየ። «ሁሉም ላይ ነው። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ ሁላችንም።»

«ሁሉም ማለት ስንት ነፍስ ነው?»

«ከሃያ ሺህ ይበልጣል።»

«ቀይ ያለባቸው ሌሎች አሉ?»

«አይጠፉም።»

«ወረቀታቸውስ?»

«ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ሰኞ ይቃጠላል።»

አሮጊቷ ወደ ዳሱ ዞረች። ልጇ እዚያ ነው፣ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ጀርባውን ሰጥቷታል። ትንሽ አየችው። ከዚያ ካርዷን ጌቾ ደረት ላይ መልሳ ለጠፈችበት።

«እኔ እንደሁ ሰኞ አልቃጠል፣ የሚቃጠለው ወረቀቱ ነው! እዚህ ምን ጎለተህ?»