የየሺአረግ የመጨረሻ ዓሦች

ጉሉማን ሚስቱ የሺአረግ ከሞተች ወዲህ የጨለለቂ ጎረቤት ለደቂቃ እንኳ ብቻውን አልተወውም። እዚያ ሰፈር ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ነውር ነው፤ ነውር ብቻም አይደል፣ ጭካኔ ነው። ወንዶቹ አብረውት አደሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪዎች ሳሎኑን ሞሉት፣ ሽንት ቤት ሲሄድ ሳይቀር የሚከተለው አልጠፋም። ኧረ ሰውዬው የት አባቱ ይግባ! በመጨረሻ መረረውና «በቃ፣ ደህና ነኝ፣ ወደየሥራችሁ» አላቸው። ሰውም ቀስ በቀስ ራቀ። የቀሩት አዴ ኢቢሴ ብቻ ነበሩ፤ እንደ ታላቅ እህቱ የሚያያቸው ጎረቤት። እሱ ጎሚስታ ቤቱ ሲውል በያዙት ቁልፍ ከፍተው ምሳውን አስቀምጠውለት ይሄዳሉ።

ዓሦቹን ያስታወሰው ያኔ ነው። የሺ ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸው፣ ቤታ የሚባሉ፣ ክንፋቸው እንደ ነጠላ ጫፍ የሚንዘረፈፍ የጌጥ ዓሦች ናቸው። እያረባች ለወዳጅ ዘመድ ትሰጥ ነበር፤ እሱ ደግሞ «ወጥ የማይሆን ዓሣ» እያለ ሲያሾፍባት ኖረ። ታማ ስትተኛ ማን ያስባቸው፤ አልቀው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ ቀሩ፣ እነሱም አርጅተዋል። እነዚህ ካልወለዱ የየሺ ነገር ከዚያ ቤት አበቃ ማለት ነው። እሱና የሺ ልጅ አልነበራቸውም።

ስለዚህ እሷ ስታደርግ ያየውን አስታውሶ አገናኛቸው። ወንዱ ውኃው ላይ አረፋ እየተፋ ጎጆ ሠራ። ሴቲቱ እንቁላሏን ስትጥል እሱ በአፉ እየለቀመ አረፋው ውስጥ ሰካ። ከዚህ በኋላ ሴቲቱ ቶሎ መውጣት አለባት፤ የራሷን እንቁላል ትበላለች። ጠባቂው አባትየው ነው፤ እሷንም ቢሆን ከቀረበች ይነክሳታል። ጉሉማ በጭልፋ አውጥቶ ሌላ ጠርሙስ ውስጥ አደረጋት። ወንዱ እህል ውኃ ሳይል፣ የወደቀችውን እንቁላል እያነሣ ሲመልስ ባየ ጊዜ ሆዱ ባባ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አለው፤ የሚነግረው ሰው ግን አልነበረም። ጎማ ሊለጥፍ ሄደ፤ ሥራ በዝቶበት ለምሳ አልመጣም።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ጎጆው ተበታትኗል። እንቁላል የሚባል የለም። ሴቲቱ እንቁላል ጠባቂው ጋ ተመልሳ ገብታ፣ ክንፏ ተቦጫጭቆ ሞታለች። አዴ ኢቢሴ ምሳ ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው እዚያው ደርቀው ቆመዋል።

«እኔ ነኝ ያስገባኋት» አሉ። «ምሳህን ላስቀምጥ ስገባ እሱ እዚህ ብቻውን፣ እሷ እዚያ ብቻዋን። አንጀቴ አልቻለም። ዋቃ ያውቃል፣ ክፉ አላሰብኩም።»

የዋህ ሴት ናቸው፤ ብቸኛ አይተው ማለፍ አያውቁም። ጉሉማ ግን ደሙ ፈላ።

«ማን ንኪ አለሽ? የሞተችው የኔ ሚስት ናት፤ አንቺን ምን አገባሽ?»

እርስዎ ሲላቸው የኖረ ሰው ነው እንግዲህ። የየሺን ገላ አጥበው የገነዟት እኚሁ ሴት ናቸው፤ ይህን እንኳ አላነሡበትም። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በማግስቱ ምሳ የለም። ለምሳው አይደለም፣ ምሳ የትም ይበላል። ከሥራ ገብቶ ሲቀመጥ ከእንግዲህ ያን በር የሚያንኳኳ እንደሌለ ገባው፤ ሁሉንም ያባረረ ራሱ ነው። ወንዱ ዓሣ ባዶውን ውኃ ላይ ታች እያለ ይፈልጋል። ጉሉማ ማየት አልቻለም። ሬድዮ ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። ተነሥቶ ወጣ።

አዴ ኢቢሴ በረንዳቸው ላይ ጎመን ይቀነጥሳሉ። ቀና አላሉም። መንገድ ላይ ያሰናዳው ይቅርታ ከአፉ ጠፋ።

«አዴ፣ ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ» አለ።

«እኔም ሁለተኛ እዚያ ቤት አልገባም» አሉት። አንድ ዱካ በእግራቸው ገፋ አደረጉለት። «እዚህ ግን ማን ከለከለህ? ቁጭ በልና ቀንጥስ።»

ተቀምጦ አንድ እፍኝ ጎመን አነሣ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ፣ አገር ሲያለቅስለት፣ እሱ ደህና ነኝ ሲል ከረመ እንጂ እንባ አልወጣውም ነበር። አሁን ጎመኑን እየቀነጠሰ አለቀሰ። አዴ ኢቢሴ አላባበሉትም፤ ሲጨርስ ሌላ እፍኝ ጨመሩለት።