የሰኞና የሐሙስ ሰሃን

ነርሱ ብራዘር ቶፊቅ ስልጠና ይወዳል። አዲስ አበባ ሦስት ቀን ተቀምጦ በተመለሰ ቁጥር አንድ ሰርተፍኬት ግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ እውቀቱም እዚያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ከሚሴ ዳር በተከፈተው የወጣቶች የአእምሮ ሕክምና ማዕከል፣ ልጆች ተኝተው የሚታከሙበት ክፍል ኃላፊ እሱ ነው። የልጆቹን ስም ጥራ ብትሉት ግን የአልጋ ቁጥር ይቆጥርላችኋል።

አመልማል ደግሞ የእሱ ረዳት ናት። ታጥባለች፣ ታበላለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ሕመሙ የተነሳበትን ልጅ እቅፍ አድርጋ ትይዛለች። ስድስት ዓመት ስትሠራ ቶፊቅ አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ምን ታያለሽ ብሏት አያውቅም። እሷም ብትሆን ንቀቱን በንቀት ትመልሳለች፤ ሰላምታውን በግማሽ አፍ፣ ስብሰባውን በማዛጋት።

የሰሞኑ ጉድ ሪሀና ናት። የአሥራ ሰባት ዓመት የሰንበቴ ከተማ ልጅ ናት፤ ከተኛች ወር አልፏታል። ስትመጣ ራሷን አታውቅም ነበር። አሁን ፀጉሯን ራሷ ትጎነጉናለች፣ መድኃኒቷን ማታ ማታ ያለ ክርክር ትውጣለች። ግን አንዳንድ ቀን ቁርስም ምሳም አትነካም። ቶፊቅ ታዲያ መዝገቡ ላይ፣ ምግብ አልቀበልም ትላለች፣ መርዝ ትፈራለች፣ መታመሟንም አታምንም ብሎ ጻፈ። አዲስ አበባ ትላክ የሚል ሪፈርም አዘጋጀ፤ የቀረው የዶክተር ፊርማ ነው። አባቷ ዩሱፍ ይህን ሲሰማ፣ እዚያ የሄደች ልጅ ትመለሳለች ወይ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ።

ሰሃን የምታነሳው ግን አመልማል ናት። ሰሃኑ ሳይነካ የሚመለሰው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። እሷ ራሷ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም፣ ከሚሴ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ ሰኞና ሐሙስ ለሙስሊም የምን ቀን እንደሆነ ይጠፋታል እንዴ! ጾመኛን ጾመኛ ነሽ ወይ ብሎ መጨቅጨቅ ነውር ነውና ልጅቷን ምንም አላለቻትም። ምሳዋን ከድና ታስቀምጣለች፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ታቀርብላታለች፤ ልጅቷም ጥርግ አድርጋ ትበላለች።

ይህንኑ ለቶፊቅ ሁለት ጊዜ ነገረችው። መጀመሪያ ሳቀ። ሁለተኛ ስትነግረው፣ እዚህ ቤት በሳይንስ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ሰሃንሽን እጠቢ አላት። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእሱ ነው! እሱ እኮ የከሚሴ ልጅ ነው፤ ጁምዓ ከፊተኛው ረድፍ የማይጠፋ፣ ጀለቢያው የማይጨማደድ ሰው።

ሐሙስ ዶክተር ደረጀ ከደሴ መጡ፤ የሚመጡት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ቶፊቅ ሪሀና አልጋ አጠገብ ቆሞ መዝገቡን እንደ ዜና አነበበ፤ ዛሬም ቁርስ አልበላችም ብሎ ጨመረበት። አባትየው በሩ ላይ ቆሟል። ዶክተሩ እስክሪብቷቸውን አወጡ።

“ዶክተር፣ የማትበላው ሰኞና ሐሙስ ቀን ቀን ብቻ ነው” አለች አመልማል። “ማታ ትበላለች። ሰሃኑን የማነሳው እኔ ነኝ።”

ቶፊቅ ጉሮሮውን ጠረገና ሐኪም ሲናገር ረዳት አትገባም አለ። ዶክተሩ ግን መዝገቡን ወደ ኋላ ገልጠው ቀኖቹን በጣታቸው ተከተሉ። ሰኞ፣ ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ሐሙስ። ከዚያ በዚያ ክፍል ማንም ያላደረገውን አደረጉ፤ ልጅቷን ራሷን ጠየቋት።

ሪሀና ሻሿን አስተካክላ ተናገረች። ሕመሙ የጀመራት ረመዳን ላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ጾሞ እሷ በቀን ትበላ ነበር።

“ያኔ ታምሜ ነበር፣ ራሴን አላውቅም” አለች። “አሁን ሲሻለኝ ያመለጠኝን ጾም ቀዷ እያወጣሁ ነው። ሦስት ቀን ይቀረኛል።”

ዶክተሩ ሪፈሩን ቀደዱት። ታምሜ ነበር የምትል ልጅ መታመሟን አታምንም ተብሎ አይጻፍባትም፤ ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ወደ ቤቷ ትሂድ አሉ። ዩሱፍ አልሐምዱሊላህ እያለ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ዝም ይል ነበር። ቶፊቅ ግን ማፈርን የሚያስተምር ስልጠና ገና አልወሰደም። ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም ብሎ ልጅቷ ላይ አፈጠጠ።

ሪሀና ግራ ገብቷት አየችው። የመለሰችው በንጹሕ ልቧ ነው፤ ክፋት የለበትም።

“ብራዘር፣ እርስዎ ሲሰግዱ በመስኮት አይቻለሁ። ያውቃሉ ብዬ ነው።”