ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ሊራ

«ነገ አርባው ነው» አለ የኤሮፊሊ አጎት ዛካሪስ፣ አረቄውን ቆሞ እየጨለጠ። «ከመቃብሩ መልስ ሊራውን እናዞረዋለን። የምጫወትለትም እኔው ነኝ!»

«አንተ ከተጫወትክማ አባትህ ተነስቶ ይነጥቅሃል» አለች ጎረቤታቸው እትዬ ካሊዮፒ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት ሳቋን ከንፍሮው ጋር ዋጠችው።

ኤሮፊሊ አልሳቀችም። ምስማር ላይ የተሰቀለውን፣ እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚመታውን ባለ ሦስት ክር ሊራ ታያለች። የቀርጤስ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ ሊራውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይሰቅለዋል፤ አርባ እስኪወጣ ማንም አይነካውም። የሚታየው በአያት ቅድመ አያት ጉልበት ላይ የጠቆረው ጀርባው ብቻ ነው። ፊቱን የምታውቀው እሷ ናት።

አያቷ ማኑሶስ ሊራውን የሰጣት በመጋቢት ነበር። የፊቱ ስስ ሳንቃ ተሰንጥቋል።

«ስንጥቁን ብቻ አጣብቂው። ፊቱን እንዳትለውጪ፤ የአያቴ ነው» አላት።

ኤሮፊሊ ከተማ ውስጥ ሊራ ትሠራለች። እጇ ላይ ከፈረሰ ቤት ጣሪያ የወጣ የመቶ ዓመት ዝግባ ነበር፤ ሊራ ሠሪ እንዲህ ያለ እንጨት አይቶ አያስችለውም። አሮጌውን ፊት ነቅላ ለወጠችው። ድምፁ ጠራ። አያቷ የሚያውቀው ድምፅ ግን አልነበረም።

«አለቀ?» ይላታል በስልክ።

«ነገ» ትለዋለች። ጆሮው እንዳያውቅባት ፈርታ ነገ፣ ነገ ስትል ሰኔ ገባ፤ በሰኔ ሞተ። ሊራውን ለለቅሶው ይዛ መጥታ ፊቱን አዙራ የሰቀለችው እሷው ናት።

«አያትሽን አኮራሽው!» ይላታል ለቅሶ የደረሰ ሁሉ፣ ጀርባውን እያየ። እሷ ከቤት አትወጣ፣ ለቅሶ ነው፤ እውነቱ ከአፏ አይወጣ፣ ለቅሶ ነው።

ዛካሪስና እትዬ ካሊዮፒ ንፍሮውን ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሱ ወጡ። ሴት አያቷ ማሪጎ ከመስኮቱ ሥር እንደተቀመጠች ቀረች።

«አዙሪው» አለች።

«አርባው እኮ ነገ ነው፣ አያቴ።»

«ቀኑን ለእኔ ትቆጥሪልኛለሽ? ያን ግድግዳ ስትፈሪው ስንት ቀን አየሁሽ።»

ኤሮፊሊ ወደ ሊራው አልሄደችም። ከሻንጣዋ ሥር በጨርቅ የጠቀለለችውን አሮጌ ፊት አውጥታ አያቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«ለወጥኩት። አትለውጪ ብሎኝ ነበር።»

አሮጊቷ ጨርቁን ገለጠች። ማኑሶስ ደጋኑን ሲስብበት በኖረበት ቦታ ላይ የደጋኑ ጭራ የሚቀባው ሙጫ ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ተኝቷል። ልትነካው ጣቷን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው።

ከዚያ ትንፋሿ እንዳያበንነው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።