ማንም የማያጠብቀው ቫልቭ

ባሌ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰው ቤት ለጥየቃ ገብቶ እንኳ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ወደ እጅ መታጠቢያው ይሄዳል። የሚንጠባጠብ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትም። እንዲህ ላለ ሰው የምታቀረሽ ልጅ የሰጠ ፈጣሪ ቀልድ ያውቃል።

ቅርሻት ስላችሁ የማንኛውም ሕፃን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የእኛዋ የጠባችውን ሁሉ መልሳ ትሰጠናለች። ትከሻዬ፣ አንገቷ ሥር፣ አንሶላው፣ ቤቱ በሙሉ የኮመጠጠ ወተት ይሸታል። አባቷ “ፏፏቴ” ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም ጸደቀ። ሳቁ ግን አልቆየም። ርቧት ትጠባለች፣ ስትጠባ ያቃጥላታል፣ ሲያቃጥላት ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ እየጮኸች ጡቱን ትተፋዋለች። ክንዷ ዓይናችን እያየ ቀጠነ።

የሕፃናት ሐኪሟ ሚዛን ላይ አስተኛቻት፤ ክብደቷ ካለፈው ጊዜ ፈቅ አላለም። ጉሮሮ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚከፈትና የሚዘጋ ቀለበት መሳይ ጡንቻ እንዳለ፣ የልጃችን ገና እንዳልጠነከረ፣ ወተቱም ከጨጓራ አሲድ ጋር ሽቅብ እየተመለሰ እንደሚያቃጥላት አስረዳችን። ትንሽ ትንሽ እያደረግን ቶሎ ቶሎ እንድናጠባት፣ እንድናስገሳት፣ ከጠባች በኋላ ቀጥ አድርገን እንድንይዛት መከረችን። ስትተኛ ግን በጀርባዋ፣ ሜዳ በሆነ አልጋ ላይ ይሁን አለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ክብደት ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች፤ በአፍንጫዋም ቱቦ ገብቶላት ትመገባለች።

ዕድሜውን ሙሉ ቱቦ ሲቀጥል የኖረ ሰው፣ ቱቦ ሲባል ፊቱ አመድ መሰለ።

“ቫልቩ አይቀየርም?” አላት።

“አይ፣ አባት፣ አይነካም። ራሱ ይጠነክራል።”

ቤት ስንደርስ፣ ራሱን በራሱ የሚጠግን ቫልቭ በዕድሜው እንዳላየ ነገረኝና የመሣሪያ ሳጥኑን ከፈተ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

በማግስቱ እሱ ሊያስተኛት ተቀበለኝና እኔ ልብስ ላሰጣ ወጣሁ። ስመለስ አልጋዋ በራስጌው በኩል ከፍ ብሏል፤ ከእግሮቹ ሥር የተቆረጠ የብረት ቧንቧ ገብቷል፤ ዳሩ ላይ ውሃ ልኩ እንደተቀመጠ ነው። የሚፈስ ነገር ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም ብሎ፣ ተዳፋቱን እንደ መታጠቢያ ቤት ወለል ለክቶ ሠርቶታል። ወተቱ ይውረድ አይውረድ እንጃ፣ ፏፏቴ ግን ራሷ ተንሸራታ ወርዳ ግርጌው ጋ ተጣጥፋለች። አገጯ ደረቷ ላይ ተጣብቋል፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል።

ብድግ ሳደርጋት አየር ሳበችና ጮኸች። እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ደሜ ፈላ። ባሌ እጁን እየጠረገ ብቅ ሲል ያፌን አላስቀረሁለትም፤ ቧንቧዎቹንም አንድ በአንድ ወደ ግቢ ወረወርኳቸው። እሱ ግን ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ ቁጭ አለ።

“እኔ የማውቀው ውሃ ነው” አለ። “ውሃ አንገት የለውም።”

እንዲህ የሚል ሰው ላይ ምን ይጮኻል?

ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ እንዳለችው ብቻ ሆነ። አልጋው ሜዳ ሆነ። ባሌ ምሳ ሰዓት ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ ካጠባኋት በኋላ ይቀበለኝና ግድግዳ ተደግፎ ትከሻው ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛታል፤ እኔ ጋደም እላለሁ። ደንበኛ ሲደውልለት በሹክሹክታ ያወራል፤ ሰው የገደለ ሳይመስላቸው አይቀርም። ስታገሳ ጨረታ እንዳሸነፈ ሰው ፊቱ ይበራል። አዲስ የተገጠመ ቧንቧ ሙጫው ሳይደርቅ አይነቀነቅም እያለ፣ እኔን እንኳ እንዳስነጥስ አይፈቅድልኝም ነበር።

አንድ ቀን የተኛሁ መስሎት ሲያወራት ሰማሁት። እሱ የገጠመው ሁሉ ከተገጠመበት ቀን ጀምሮ እያረጀ እንደሚሄድ፣ ጎማው እንደሚበላ፣ ብረቱ እንደሚዝግ ይነግራታል። ሲያረጅ እንጂ እየዋለ እያደረ ሲጠነክር ያየው ቫልቭ የለም። ከዚያ ዓይኔን መግለጤን አየ።

“የዚችን ግን ማነው የሚያጠብቀው?” አለኝ። “ማንም እዚያ ውስጥ አይገባም።”

የወለድኳት እኔ፣ የማጠባት እኔ፤ እዚያ ግን እኔም አልገባም። ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ጡንቻ፣ በዚያ ጨለማ፣ ያለ መፍቻ፣ ያለ ባለሙያ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሥራዋን እየሠራች ነው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ስንቴ አቅፌያት ይህን አስቤው አላውቅም። ፈራሁም፣ ደስም አለኝ።

የቀጠሮው ዕለት ልብሷን አውልቀን ሚዛኑ ላይ አስተኛናት። ባሌ ቁጥሩን ማየት አቅቶት ጣሪያው ሥር የሚያልፈውን ቧንቧ ያያል።

“ጨምራለች” አለች ሐኪሟ። “ቱቦ አያስፈልግም።”

ብዙም አልጨመረችም፤ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በርዷት ስላለቀሰች አልብሰናት፣ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ቁጭ ብዬ አጠባኋት። ባሌ ተቀበለኝ፤ ትከሻው ላይ አድርጎ እስክታገሳ ጠበቀ፤ ከዚያ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጠፈ። ሥራ ላይም እንዲህ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የተደበቀ የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠረጥር ጆሮውን ለጥፎ ትንፋሹን ይውጣል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል፤ እሱ ምን ገዶት። እኔ ፎጣዬን ይዤ ቅርሻቱን ጠበቅኩ። ቆየሁ። ፎጣው ደረቅ እንደሆነ ነው።

“ምን ሰማህ?” አልኩት።

“ምንም” አለ።

በእሱ ሙያ ከዚህ የሚበልጥ ቃል የለም። ቀና ሲል ግን እንባው አገጩ ላይ ደርሷል።

“እሷስ ይዛለች፤ አንተ ነህ የምታፈሰው” አልኩት።

እጁ ከልጁ ጀርባ አልተነሣም፤ እንባውንም አልጠረገም።

“ተዪው” አለ። “ራሱ ይጠነክራል።”