ሆድ የሌለው ጊታር

አብዱልሐሊም ጊታሩን በጀርባው አዝሎ የእድሩን ሸራ ገለጥ አድርጎ ሲገባ፣ በረድ ብሎ የነበረው ለቅሶ እንደገና ተቀጣጠለ። የሟቹ እናት እማማ ፋንቱ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከፍራሻቸው ተነሡ። ሬሳ የለም። አስናቀ ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ወደ ደሴ በእግሩ ሸሽቶ፣ መንገድ ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆበት፣ አብረውት የነበሩት እዚያው ቀብረውት ነበር። መርዶው የመጣው ከተማዋ ጸጥ ካለች በኋላ ነው። ሬሳ የሌለው ለቅሶ ደግሞ የሚያለቅሱበት ነገር ይሻል። ኮቱ ፍራሽ ላይ ተዘርግቷል፣ ፎቶው ኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ የቀረው ጊታሩ ነበር።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ካሳሁን ጊታሩን ሊቀበል ብድግ ብሎ እጁን ዘረጋ። አብዱልሐሊም አላየውም፤ አልፎት ሄዶ ጊታሩን ከማኅደሩ አውጥቶ ከኮቱ ጎን አጋደመው።

«እማማ፣ የአስናቀን አደራ አመጣሁልዎ። የማሽላ ጉድጓዳችን ውስጥ ነው የከረመው።»

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ» አሉ እማማ ፋንቱ፣ አንገቱን አቅፈው እየሳሙት። «ሰልስቱ ይውጣና የሚገባው ሰው ይወስደዋል።»

ካሳሁን የዘረጋውን እጁን ምን እንደሚያደርገው ጠፍቶት ራሱን አከከበትና ቁጭ አለ። የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ከእናቱ አስተያየት ገብቶታል።

«ጓደኛ እንዲህ ነው» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት ሽፈራው በሹክሹክታ። «የሰው በር እንኳ ተነቅሎ ሲሄድ፣ ይሄ ጊታር ማትረፉ።»

«የሰጡት ያተርፋል። ያልተሰጠው ምን ያትርፍ?»

«አንተ ሰው፣ በለቅሶም ትቀናለህ?»

«ንፍሮህን ቃም።»

ሙት አይቀናበትም ይላሉ። ይቀናበታል። አስናቀ የሸሸ ዕለት ካሳሁንን በራፉ ላይ አቅፎ ሲሰናበተው ባዶ እጁን ነበር። «ጊታሩስ?» ቢለው፣ «አስቀምጬዋለሁ» አለ፤ የት እንዳስቀመጠው አልተናገረም። አንድ አጥር የሚለያቸው ወንድም እያለ ከተማውን አቋርጦ ለአብዱልሐሊም ሰጥቶ ኖሯል። ያቺ «አስቀምጬዋለሁ» ዛሬም እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራለች።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሐራ እስከ መርሳ ሰርግ ሲደገስ የሚጠራው ካሳሁን ነበር፣ ክራሩን ይዞ። አስናቀ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ የሚያጨበጭብ ንፍጣም ነበር። ከዚያ ካሳሁን በሚሠራበት ወፍጮ ቤት የሞተሩ ቀበቶ የግራ እጁን ጣቶች ጨምድዶ ያዘ፤ ወለሉ ላይ ሲያላትመው ቀኝ ትከሻው ተሰበረ። ክራሩ ግድግዳ ላይ ቀረ። አስናቀ አደገ፣ ጊታር ተማረ፣ ኪቦርድ ከሚመታው ከአብዱልሐሊም ጋር ባንድ አቋቋመ። ብዙም ሳይቆይ ሰው ካሳሁንን «የአስናቀ ወንድም» ይለው ጀመር። ታላቁ የታናሹ ወንድም ሆነ።

ጊታር ሊገዙ ወልድያ የሄዱት ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ካሳሁን ታላቅ ነውና ምርጫው የሱ መስሎት ሸሚዝ ቀይሮ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ሆደ ሰፊውን፣ የብረት ክር ያለውን ጊታር ከግድግዳው አስወረደ። ሲመቱት ቤቱን ሞላው።

«ጊታር ይሄ ነው» አለ።

አስናቀ ዓይኑን የጣለው ግን ቀጭኑ ላይ ነበር። የናይለን ክር ያለው፣ ጎኑ ላይ ኬብል መሰኪያና የድምፅ ማስተካከያ የተገጠመለት፣ ዋጋውም ከኪሱ ጋር የሚስማማ።

«ሆድ የሌለው ጊታር በምኑ ይጮኻል?» አለ ካሳሁን።

«መብራት ሲኖር ሞንታርቦው ይጮኽለታል» አለ አብዱልሐሊም። የጊታሩን አንገት እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አቅንቶ መጣመሙን አየ። ክሮቹን ከላይ እስከ ታች በየቦታው እየጫነ መታ፤ የሚንዛረር እንዳለ አዳመጠ። ኬብል ሰክቶ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገ። አስናቀ አንገቱን ይነቀንቃል። ከዚያ ዘወር ብሎ፣ «ካሴ፣ እስቲ ያዘው» አለው።

ካሳሁን ያዘው። ሱቅ ሙሉ ሰው የደነዙ ጣቶቹን ሲያይ ተሰማው። «በቁስሌ አትቀልድ» ብሎ መለሰለት። የሱ ምርጫ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ሲሰቀል ቆሞ አየ። ወደ መርሳ ሲመለሱ ሲሪንቃን እስኪያልፉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ፤ ሁለቱ ከፊቱ ተቀምጠው ይሳሳቃሉ።

የሰልስቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ተበትኖ ቤተሰብ ብቻ ሲቀር፣ እማማ ፋንቱ ነጠላቸውን አጠበቁ።

«አብዱልሐሊም፣ ልጄ፣ ጊታሩን ይዘህ ሂድ። አንተ ታውቅበታለህ።»

«እኔስ፣ እማ?» አለ ካሳሁን። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነበት።

«አንተማ… ጣትህ…» ብለው ተዉት።

አብዱልሐሊም ከተቀመጠበት አልተነሣም። «አልወስደውም፣ እማማ፣ አይቀየሙኝ። የሱ ነው» አለ፣ በአገጩ ወደ ካሳሁን እያመለከተ።

«ምጽዋት አልፈልግም» አለ ካሳሁን።

«ምን ምጽዋት አመጣው? አስናቀ ሁለት ጊታር መግዛት አይችልም ነበር። ‹በሰርግ ወቅት እኔ የምሰካው፣ ሰርግ ሲያልፍ ካሴ የሚይዘው ፈልግልኝ› አለኝ። የብረት ክሩ ጣትህን ይቆርጥሃል፣ ሆደ ሰፊውን ለማቀፍ ትከሻህ አይነሣም። እየዞርኩ ያገኘሁት ያን ነው። ሱቁ ውስጥ ያዘው ያለህ ሊለካብህ ነበር።»

እማማ ፋንቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«መች ታስነግራለህ? ‹ቁጣው ይብረድለትና› ሲል ጦርነት መጣ።»

«ሲሸሽስ? አንተ ጋ ለምን አኖረው?»

«የኛ ቤት ጉድጓድ አለው። ያንተ የለውም። ሌላ ምን ይኖራል?»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ልቡ ይቀልለት ነበር። ካሳሁንን ግን አዲስ ቅናት ነከሰው። ጊታሩ የሱ ሆነ፤ ምስጢሩ ግን ስንት ወር የዚህ ሰውዬ ነበር። አስናቀ ስለ ትከሻው፣ ስለ ጣቶቹ፣ ስለ ቁጣው ሲያወራ የሰማው ይሄ ነው። ያን ወሬ ምንም ቢያደርግ ሊወርሰው አይችልም።

ቢሆንም ሄዶ ጊታሩን አነሣው። ቀጭኑ እንጨት ደረቱ ላይ ተለጠፈ፤ ቀኝ ትከሻው ሳይነሣ ክንዱ ከላዩ አረፈ። ለቅሶ ቤት ክር አይመታምና ቀኝ እጁን እንጨቱ ላይ አጋደመው። የግራ ጣቶቹ ብቻ ክሩን ይጫኑ ጀመር፤ አንዱን ለቀው ወደ ሌላው፣ ዝግ ብለው፣ ያለ ድምፅ። ለስላሳ ነው። አይቆርጥም።

አብዱልሐሊም ጣቶቹን አተኩሮ ሲያይ ቆየ። «አምባሰል ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ካሳሁን ክሩን መጫኑን ቀጠለ። ሦስተኛዋ ጣቱ አንድ ቦታ ደርሳ ቆመች፤ መንገዱ ጠፋት።

አብዱልሐሊም ተጠግቶ አጠገቡ ተንበረከከ። የካሳሁንን ጣት በሁለት ጣቶቹ ያዘና ትንሽ ወደ ታች አወረዳት። «እሱ እዚህ ጋ ነበር የሚይዛት» አለ።

ካሳሁን ጣቱን ሊያስለቅቅ እጁን አደነደነ። ከዚያ ተወው። ጣቱን አብዱልሐሊም ባስቀመጠለት ቦታ ላይ፣ ክሩ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ድረስ ተጫነ።