ጭብጨባው ቢቀር

ጌጡ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ተናግሮ አያውቅም። «ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም» ባይ ነው። ቀበሌ ሲጠራው ከኋላ ይቀመጣል፤ እጅ አውጡ ሲሉት ያወጣል፣ አውርዱ ሲሉት ያወርዳል፤ ከዚያ ወደ ገብሱ ይመለሳል። ያን ቅዳሜ ግን፣ በሁዳዴው እኩሌታ፣ ከቀየት ከተማ ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራችው ትምህርት ቤት ወላጅ ሁሉ የተጠራው በእሱው ልጅ ጉዳይ ነበር። ርእሰ መምህሩ አቶ መኳንንት ደብዳቤውን ጽፈው ጨርሰዋል፤ ተማሪ ሰርካለም ጌጡ «እስኪሻላት ድረስ» ከቤቷ ትቆይ የሚል። የቀረው የወላጆች እጅ ብቻ ነው።

ከቤት ሲወጣ ሚስቱ ኮከብ ደጃፍ ድረስ ተከተለችው።

«ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል፤ ሰምተሃል?»

«እኔ ደጃዝማችነት አልፈልግም።»

«እኔስ መቼ ተመኘሁልህ? ልጄ እንዳትቀር ነው!»

ሰርካለም ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሰው ዓይን አታይም። ሲነኳት ትሸሻለች። «ደህና አደርሽ?» ቢሏት «ደህና አደርሽ?» ብላ ትመልሳለች እንጂ ሌላ የላትም። ግን እቤታቸው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር፣ ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን ሳይቀር፣ ታነበዋለች። ታዲያ ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ሩጫ ጀመረች። ደህና ተቀምጣ ሳለ ድንገት ጆሮዋን ይዛ በበሩ ትወጣለች፤ ፊቷን አታይ፣ ኋላዋን አታይ። ከሜዳው ማዶ ደግሞ ገደል ነው። ሁለት ጊዜ ልጆች ይዘው መለሷት። በሦስተኛው ጌጡ ራሱ ደረሰባት፤ ከአፋፉ ዐሥር እርምጃ ቀርቷት ነበር። እነዚያን ዐሥር እርምጃዎች እያረሰም፣ እየጸለየም በሐሳቡ ይረግጣቸዋል።

እንዲህ ሆኖስ አይኖርም ብሎ፣ ሦስት ቀን ከክፍሉ መስኮት ሥር የፈረሰ ካብ የሚጠግን መስሎ ተቀመጠ። ነገሩንም አገኘው። አንድ ልጅ ጥያቄ ሲመልስ መምህርቷ «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» ትላለች። ሰባ ልጅ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እጁን ያማታል። ያን ጊዜ ነው ሰርካለም የምትወጣው። ለካ ልጁ የምትሸሸው ከምስጋና ኖሯል!

ለመምህርት ቤተል ነገራት። ቤተል ከደብረ ብርሃን የመጣች ልጅ እግር ናት፤ ሰምታው ቁጭ አለች።

«ጋሼ ጌጡ፣ ኮሌጅ ሳለን ኦቲዝም ስለሚባል ነገር አስተምረውን ነበር። በሽታ አይደለም፤ አፈጣጠር ነው። ለእኛ ጭብጨባ የሆነው ለእሷ መብረቅ ይሆንባታል። እኔ አስተዋይ ብሆን ቀድሜ ባወቅሁት። ግን አቶ መኳንንት እኔን አይሰሙኝም፤ እርስዎ ይናገሩ።»

እርስዎ ይናገሩ! ከዚህ የባሰ ምን አለ?

የወላጆች ሊቀ መንበር ጋሼ ጫኔ «ልጅቱን አምጣትና እንያት» ብለው ስለነበር ሰርካለምን ይዟት መጣ፤ መጽሐፍ አስይዞ ከበሩ አጠገብ አስቀመጣት። ከውጭ የበልግ ጉም ሜዳውን ውጦታል። ስሙ ሲጠራ የፊቱን ወንበር ይዞ ቆመ።

«እኔ... ልመናዬ አንድ ነው። በሷ ክፍል ጭብጨባው ቢቀር።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ታዲያ ልጆቻችን ሲጎብዙ እንላቀስላቸው?» አለ አንዱ።

«ጠበል ውሰዳት እንጂ፣ አያ ጌጡ!»

«ሁለት ክረምት ወሰድኳት» አለ ጌጡ። «ጠበሉን ወዳው ጠጣች። ሰዉ እልል ብሎ ሲያጨበጭብ ነው የሮጠችው። ልጄ ርኩስ መንፈስ የለባትም። ሐሞቷም አልፈሰሰም። ጆሮዋ ነው የሚያማት። እኔ ደግሞ ያን ገደል ፈርቻለሁ። እቤት ባስቀራትም ጋዜጣው አልቆባታል፤ ምን ላንብብላት? እኔ መሃይም ነኝ።»

ሳቁ ቀረ። ቤተል ተነስታ «ከክፍሉ ሁሉ አጥርታ የምታነበው ሰርካለም ናት» አለች። ጋሼ ጫኔ ጢማቸውን እየነካኩ «እጅ ማጨብጨብ ከታቦት አልወረደም። ልጅቱ እዚሁ ትማር፣ ጭብጨባውም ይቅር የምትሉ?» አሉ። እጅ ወጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ኋላ ቤቱ ሁሉ። ጌጡ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ጸድቋል!» አሉ ጋሼ ጫኔ ደስ ብሏቸው። «እንግዲህ ለዚህ አባት አንድ ጊዜ ሞቅ አድርጋችሁ...»

ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ። ስብሰባ ያለ ጭብጨባ ተዘግቶ አያውቅም። ጌጡ «ኧረ ስለ...» ብሎ ሳይጨርስ መቶ ሰው እጁን አማታ፤ ቆርቆሮው አስተጋባ።

ዘወር ሲል መጽሐፉ መሬት ላይ ነው። ልጅቱ የለችም።

ሰዉ ደንግጦ ወጣ። ጉሙ ውስጥ «ሰርካለም! ሰርካለም!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ተነሳ። ጌጡ አወቀው፤ በጮኹ ቁጥር ወደ ገደሉ ትሸሻለች። ዝም በሉ ብሎ እንዳይጮህ እሱም ሊጨምርባት ነው! ሮጦ ጋሼ ጫኔ እግር ላይ ወደቀና አፉን በእጁ ከደነ። ሽማግሌው አዩት። ገባቸው። እሳቸውም አፋቸውን ከደኑ፤ ከጎናቸው ያለው አየና ከደነ፤ እንዲያ እንዲያ እያለ ሜዳው ሁሉ ጸጥ አለ።

ጌጡ አዳመጠ። ትንሽ ድንጋይ ስትንከባለል ሰማ፤ ወርዳ፣ ወርዳ፣ መሬት ሳትነካ ድምፅዋ ጠፋ።

በደረቱ እየተሳበ አፋፉ ደረሰ። ከታች፣ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብላ፣ ሰርካለም ጠባብ እርከን ላይ ቁጢጥ ብላለች። ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች። በተወዛወዘች ቁጥር ከተረከዟ ሥር አፈር ይረግፋል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስባታል። ግን ከያዛት ታመልጣለች፤ የማምለጫው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። አልያዛትም። መዳፉን ከአጠገቧ ሣሩ ላይ ዘርግቶ ተኛ። ከኋላው ቁርጭምጭሚቱን የሚይዘው ሰው መጣ፤ ቤተል ናት፣ ጫማዋን አውልቃ። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆዩ እግዜር ይወቀው። ውዝዋዜው ቀነሰ። ቀነሰ። ከዚያ አንዲት ቀዝቃዛ እጅ በራሷ ጊዜ መዳፉ ላይ አረፈች።

ይዟት ሲመለስ መቶው ሰው ጉሙ ውስጥ አፉን እንደከደነ ቆሟል። አቶ መኳንንት ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አያ ጌጡ» አሉ በሹክሹክታ፣ «የፈሩት ይደርሳል አሉ። ዛሬ ተረፈች። ነገ በሷ ደም እኔ ልጠየቅ? ደብዳቤውን ውሰድልኝ።»

ጌጡ ልጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጌታዬ፣ ያስሮጣት ገደሉ አይደለም፤ እኛ ነን። ያቆማትም እኛው ነን። መቶ ሰው ዝም ማለት ከቻለ ሰባ ሕፃን ያቅተዋል?»

ርእሰ መምህሩ ጋሼ ጫኔን አዩ። ሽማግሌው እጃቸውን ከአፋቸው ሳያነሱ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደብዳቤው ወደ ርእሰ መምህሩ ኪስ ተመለሰ።

ሰኞ ጌጡ ከመስኮቱ ሥር ነበር። ቤተል ጠየቀች፤ አንድ ልጅ መለሰ። «ጎበዝ!» አለች፤ ከአፏ አምልጧት። ሰባ ጥንድ እጅ ብድግ አለ። በበሩ አጠገብ የሰርካለም ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጣ። እጆቹ አየር ላይ ቆዩ፤ ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳይሰጡ፣ ጭናቸው ላይ ወረዱ።

«ቀጥሎ» አለች ቤተል።

እንዲያም ሆኖ ጌጡ እስከ መልቀቂያ ሰዓት ድረስ ከዚያ ንቅንቅ አላለም።